ሴቭ የለም፣ ሰበብ ግን ሞልቷል

«እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ኮምፒውተር የአይሲቲው ልጅ ሥራ ነው» ይላል ወዳጃችን። ስታፍ ውስጥ ሻይ የያዛችሁ ሁሉ፣ ብርጭቋችሁን አስቀምጡና ስሙልኝ! ሴል እያስተማረ ሴል የሚፈራ ሰው የት አያችሁ? የባዮሎጂው ሴል በዓይን አይታይም፤ እሱን ደፍረህ አስተማርክ። የኤክሴሉ ሴል አራት ማዕዘን ሆኖ ፊትህ ተዘርግቷል፤ እሱን ግን ሸሸህ።

ደግሞስ የአይሲቲው ልጅ ምን በወጣው? የራሱ ክፍል አለው፣ የራሱ ፈተና አለው፣ የራሱ ማርክ ሊስት አለው። በዚህ ላይ ያንተን ማርክ ያስገባል፣ ያንተን ፈተና ይተይባል፣ ያንተን ኢሜይል ይከፍታል። ፔሮሉ ሲመጣ ግን የምትፈርመው አንተ! ሥራው ለሁለት፣ ደመወዙ ለአንድ። እዚህች ሒሳብ ላይ ካልኩሌተር አላስፈለገህም!

«ጊዜ የለኝም» አለ። እሱ ጊዜ የለውም፤ ካልኩሌተሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። የሆምሩም ሮስተር ሲደርስ እዩት። 60 ተማሪ፣ 10 ትምህርት፣ 600 ቁጥር። አንዱን ይጫናል፣ አንዱን ይዘላል። «ላረጋግጥ» ብሎ እንደገና ይጀምራል። ሁለተኛው ድምር ከመጀመሪያው አልገጠመም። ሦስተኛው ከሁለቱም አልገጠመም። አራተኛው ከአንዱ ሲገጥምለት የልጁን ድምር በድምፅ ብልጫ ያጸድቃል።

ቲቸር፣ ና እዚህ። የመጀመሪያው ተማሪ ረድፍ መጨረሻ ላይ ቁም። የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ሰም፣ ቅንፍ ክፈት፣ ከሲ 5 እስከ ኤል 5፣ ቅንፍ ዝጋ፣ ኢንተር። አሁን የሴሉ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጥብ ያዝና ወደ ታች ጎትት። 59ኙም ተደመሩ። አለቀ! አገራችን የሰምና ወርቅ አገር ነው፤ ሰሙን ኤክሴል ሰጠህ፣ ወርቁ እንቅልፍህ ነው።

«ሞክሬው ነበር፤ ኤክሴል ደረጃ ሲያወጣ ይሳሳታል።» ይሄን ያለው ጮክ ብሎ ነው፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ኤክሴል አልተሳሳተም፤ ዶላር አጥሮህ ነው! አገር ምድሩ ዶላር ጠፋ ሲል አንተ በነፃ የተቀመጠልህን ረገጥከው። ሺፍት ይዘህ 4 ቁጥርን ስትጫን ይወጣል፤ ባንክ ቤት አያሰልፍህም። ራንክ ብለህ ስትጽፍ «የዚህን ልጅ ድምር ከኤም 5 እስከ ኤም 64 ካለው ጋር አወዳድር» እያልክ ነው። ዶላር ካላስገባህ፣ ቀመሩን ወደ ታች ስትጎትት ማወዳደሪያውም አብሮህ ይወርዳል። ሁለተኛው ልጅ ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። አሥረኛው በላዩ ካሉት ዘጠኙ ጋር አይወዳደርም። የመጨረሻውስ ልጅ ከማን ጋር ይወዳደራል? ከራሱ ጋር! 1ኛ ወጣ! ፍፁም ስሙ በ«ፈ» ስለጀመረ ብቻ የክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተሸለመ። ክልሉን መርጠህ ኤፍ 4ን አንዴ ተጫን፤ ዶላሮቹ በየቦታቸው ይሰካሉ። ዶላር የሌለው ደረጃ ያንሸራትታል።

ከዚህ የባሰ አለ። «በፊደል ተራ አስቀምጠው» ተባለ። ወዳጃችን የስሙን አምድ ብቻ መርጦ ሶርት አለ። ኤክሴል አላስጠነቀቀውም መሰላችሁ? ጠየቀው እኮ! «አጠገቡ ያሉትን አምዶች ላካትት ወይስ በዚሁ ብቻ ልቀጥል?» አለው። ወዳጃችን ሳያነብ ጠቅ። በዚሁ ብቻ! ስሞቹ ተነሥተው ሄዱ፣ ማርኮቹ ባሉበት ቀሩ። የአንዷ 94 ለጎረቤቷ ደረሰ፣ የጎረቤቷ 41 ለሌላ። ስሙን ሶርት አደረገ፣ ልጁን ሾርት አደረገ። እንግዲህ «ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ ይመልሳል» ብሎ በየስብሰባው የሚያማርረው ይኸው ሰውዬ ነው። የእነሱ ጥያቄ እንኳ አራት ምርጫ አለው፤ ያንተ ሁለት ብቻ ነበር!

እዚህ ላይ ሳቁን ላቁመው። ያቺ 94 ያመጣች ልጅ ካርዷን ይዛ ቤት ስትገባ 41 ካለበት፣ እናቷ ፊት የምትቆመው እሷ ናት፤ አንተ አይደለህም። ስለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምጮኸው።

በሉ እንቀጥል። ለተማሪ ዜሮ ሲሰጥ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ኤክሴል የወላጅን ዜሮ ሲበላ ግን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የስልክ ቁጥሩን በ0911 ይጀምራል፣ 911 ሆኖ ይቀመጣል። የተማሪውን መለያ 0047 ይላል፣ 47 ብቻ ይቀራል። ኤክሴል ቁጥር ሲያይ ሒሳብ ነው ብሎ ያምናል፤ በሒሳብ ደግሞ ፊት ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም። አምዱን ከመጻፍህ በፊት ቴክስት አድርገው። ካልሆነም ከቁጥሩ በፊት አንዲት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ጣል አድርግ። የተማሪ ዜሮ ላይ የምታሳየውን ጥንቃቄ ለወላጅ ዜሮም አበድር!

ቀኑማ ጉድ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን በቁጥር 30/02/2017 ብሎ ሞላ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን መቁጠሪያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ኖሮት አያውቅም። ታዲያ ምን አደረገ? ቀን መሆኑን ካደ! ተራ ጽሑፍ ነው ብሎ ወደ ግራ አስጠጋው። ሌሎቹ ቀኖች በቀኝ ተሰልፈው እሱ ብቻውን በግራ ቆሟል። አንድ አምድ ውስጥ ግራና ቀኝ የተከፋፈሉ ቀኖች ካየህ ፓርቲ መሥርተው አይደለም፤ አንተ ነህ ያጣላሃቸው። ጳጉሜን 3ን ደግሞ 3/13/2016 ብትለው፣ በአሜሪካ አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ማርች 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። 13ኛውን ወር ወርሶ መጋቢት ውስጥ አስገባው! ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት አምድ ለያይተህ ጻፍ፤ ማንም አይወርስህም።

መብራት ሲሄድ ማን ላይ ይጮኻል? መብራቱ ላይ። «የሁለት ሰዓት ሥራዬን በላው!» መብራት የሚበላው ሴቭ ያላደረግከውን ብቻ ነው፤ ሴቭ ያደረግከውን ንክች አያደርገውም። ኮንትሮል ይዘህ ኤስ። ሁለት ጣት! «ዎርድ ራሱ ያስቀምጥልኛል» አለ ደግሞ። ያስቀምጣል፤ ካልነካካኸው በየ10 ደቂቃው ነው መጠባበቂያ የሚይዘው። መብራቱ 10 ደቂቃዋን ሊታገስህ ፈርሞልሃል? ወዳጃችን ዘንድ ሴቭ የለም፣ ሰበብ ግን ሞልቷል። አንቀጹ ሲያልቅ ኤስ፣ በር ሲንኳኳ ኤስ፣ አምፖሉ ብልጭ ሲል ሁለቴ ኤስ!

አንቀጽ በስህተት ሲጠፋበት ደግሞ ጩኸቱ ከደወሉ ይበልጣል። ኮንትሮል ዜድ በለው፣ ይመለሳል። ከአፍህ ያመለጠውን ለመመለስ ሽማግሌ ትልካለህ፤ ከእጅህ ላመለጠው ዜድ ብቻውን ይበቃል።

«ፈተናዬን ቫይረስ በላው» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ቤቱ በድሮ የግዕዝ ፎንት ተይቦ አመጣ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ ቃለ አጋኖና የመደመር ምልክት ተደባልቆ ወጣ። ምን ቫይረስ አለበት? የድሮዎቹ ፎንቶች ግዕዙን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው የወንበሩ ባለቤት ብቅ ይላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ወንበር ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዊንዶውስም በ2007 ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ፊደሉ የራሱ ወንበር እያለው አንተ ዛሬም በተውሶ ታስቀምጠዋለህ! በዩኒኮድ ተይብ። የድሮውን ፋይል መቀየር ካቃተህ ቤትህ እያለህ ፒዲኤፍ አድርገው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

«ፀሐይ የምትባል ተማሪ ሮስተሩ ላይ የለችም» አለ አንድ ቀን። ልጅቷ ፊቱ ቆማለች! ኮንትሮል ኤፍ ብሎ «ጸሀይ» ብሎ ፈልጎ ነው። ስትመዘገብ የተጻፈችው «ፀሐይ» ተብላ ነው። ለጆሮ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ሰዎች። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ ኮምፒውተር ሁሉንም ለየብቻ ያያል። በሰማይ ያለችው ፀሐይ አንድ ናት፤ ሬጅስትራር ቤት ያለችው ግን አራት ናት፣ አራቱም 7ኛ ኤ። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፦ በምዝገባ ቀን በልደት ካርዱ ላይ እንዳለው መጻፍ፣ ሲፈለግ ደግሞ የአባትን ስም ይዞ መፈለግ። ይሄን ሳታደርግ ልጅን ከመዝገብ አጠፋህ፤ በጠራራ ፀሐይ!

አሁን ወደ ኢሜይል። «ኢሜይል አዲስ ነገር ነው፤ እኛ በወረቀት ያደግን ነን።» አዲስ? ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መልእክት የላከው፣ ያቺን ተጠማዛዥ «አት» በአድራሻ መሀል ያስገባው በ1971 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያኔ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ! ዘውዱ ወረደ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፤ አንተ ገና «አዲስ ነገር» ላይ ነህ። ኢሜይል ጡረታው ተቃርቧል፤ እንኳን ደህና መጣህ የሚለው ሰው እየጠበቀ አይደለም።

«በወረቀት ያደግን» ካልክ ደግሞ በወረቀትህ እይዝሃለሁ። ወረቀት ላይ «ጉዳዩ፦» ብለህ ከሥሩ ካላሰመርክ እስክሪብቶህ አይላወስም። ኢሜይል ላይ ያው ሳጥን አለ፤ ባዶውን ትተወዋለህ። ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ሲከፍቱ ከላይ እስከ ታች «ርዕስ የለውም፣ ርዕስ የለውም»። ርዕሰ መምህር ሆነው ርዕስ አጡ! «የ9ኛ ቢ ባዮሎጂ ውጤት፣ 1ኛ ሴሚስተር» ብትል እጅህ ይሰበራል? ጉዳይ የሌለው ደብዳቤ ጉዳይ አያስፈጽምም።

ወረቀት ላይ «አባሪ 3 ገጽ» ካልክ ሦስቱን ገጽ ቆጥረህ በስቴፕለር ትመታለህ። ኢሜይል ላይ «አያይዤ ልኬያለሁ» ትልና ምንም አላያያዝክም። ተቀባዩ «አባሪው የለም» ሲልህ «ኔትወርኩ ነው» ትላለህ። ያ ኔትወርክ ደብዳቤውን አድርሶ አባሪውን መንገድ ላይ ጥሎት መጣ? አባሪ የለህም፣ ተባባሪ ግን ትፈልጋለህ! መጀመሪያ ፋይሉን አያይዝ፣ ቀጥሎ ጻፍ፣ የተቀባዩን አድራሻ በመጨረሻ ሙላ። አድራሻ የሌለው ኢሜይል ሳትጨርስ አያመልጥህም። ደግሞ ማርክ ሊስቱን በስልክ አጋድመህ ፎቶ አንሥተህ አትላክ፤ ሬከርድ ኦፊሰሯ አንገቷን አዙራ ማንበብ የሥራ መደቧ ውስጥ የለም። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ ተሸክሞ አይሄድም፤ 12 ፎቶ የተጨናነቀበት ማርክ ሊስት በአንድ ኤክሴል ፋይል አንድም ሜጋባይት አይሞላም።

ግልባጭም አስተምርሃለሁ ብዬ አላስብም ነበር፤ ደብዳቤህ ሁሉ ከሥሩ «ግልባጭ፦» እያለ ያደግክ ሰው ነህ። ሲሲ ማለት ያችው ግልባጭ ናት። ወዳጃችን ግን ግልባጭ ሲሉት ቢሮውን ገለበጠው! ርዕሰ መምህሩ ለሁሉም «ነገ ስብሰባ አለ» አሉ። እሱ ሪፕላይ ኦል ተጭኖ ለአንድ ጓደኛው «ደግሞ ስብሰባ ጀመሩ ሰውየው» አለ። ሰውየውም አነበቡት። ቲቸር፣ ሪፕላይና ሪፕላይ ኦል ጎረቤት ናቸው፤ ቤት አትሳሳት። ጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ ግባና የአንዱ ሴንድ ጊዜን ወደ 30 ሰከንድ ከፍ አድርገው፤ ከላክህ በኋላ 30 ሰከንድ ንስሐ መግቢያ ይሰጥሃል። ላንተ ያንሳል፤ ግን ከምንም ይሻላል።

ለ60 ወላጅ አንድ መልእክት ሲልክ ደግሞ የሁሉንም አድራሻ ፊት ለፊት ይደረድራል። የማን ልጅ የት እንደሚማር፣ የማን አባት ኢሜይሉ ምን እንደሆነ አገር ያየዋል። ቢሲሲ የሚባል ሳጥን አለ፤ እዚያ የገባ ስም ለሌላው አይታይም። ቢሲሲን ትቶ ቢቢሲ ሆነ!

«ስብሰባው 8 ሰዓት ነው» ብሎ ካላንደሩ ላይ 8፡00 ሞልቶ ላከ። የኮምፒውተሩ 8 ሰዓት የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ግማሹ ሰው ክላሱን ጥሎ ጠዋት መጣ፣ ግማሹ ከምሳ በኋላ መጣ። ስብሰባው ሁለት ሆነ፤ ጠሪው አንድ። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብለህ በፊደል ጨምርበት፣ ካላንደሩ ላይ 2 ፒኤም በል፤ ታረቅን።

«ኢሜይሉ ቀርቶ ቴሌግራም ይበቃል።» ይበቃ ነበር፣ አንተ ባትነካው። የወላጆች ግሩፕ ላይ ምን ለጠፈ መሰላችሁ? የ60ውን ተማሪ ማርክ ከነስማቸው! አንድ እናት የልጇን ውጤት ልታይ ገብታ የ59 ሰው ልጅ ጓዳ አሳያት። 58ኛ የወጣው ልጅ ማታ ሰፈር ውስጥ ስሙ «58» ሆነ። ወረቀት ላይ ቢሆን ካርዱን በፖስታ አሽገህ ለወላጅ በእጅ ትሰጥ ነበር። አገሪቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ አዋጁ ባይወጣስ? የሰው ልጅ ገመና ነው። ለእያንዳንዱ ወላጅ ለየብቻው ላክ። ሜይል መርጅ የሚባል ነገር ዎርድ ውስጥ አለ፤ የኤክሴሉን ሮስተር አገናኝተህ 60 የተለያየ ካርድ በአንዴ ያወጣልሃል። አንዴ ለመማር አንድ ከሰዓት ይወስዳል፤ ሐሜቱን ለማብረድ ዓመት አይበቃም።

ፓስወርዱስ? ከ1 እስከ 8 ቆጥሮ ቆመ። ይህንንም እንዳይረሳ ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ግንባር ላይ ለጠፈ! ተማሪው ፈተና ፓስ አላደረገም፤ በፓስወርድህ ግን ያለ ፈተና ፓስ ያደርጋል። ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ማርክ ሊስቱን እንደከፈተው ነው። የቢሮውን በር ቆልፎ ሦስቴ ገፍቶ የሚያረጋግጥ ሰው ኮምፒውተሩን ወለል አድርጎ ትቶት ይሄዳል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘህ ኤል፤ ተቆለፈ። ፓስወርዱን ረጅም አድርገው፤ አራት የማይገናኙ ቃላት ደርድር። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብራው፤ ፓስወርድህን የሰረቀ ስልክህንም ካልሰረቀ በር ላይ ይቀራል።

«የኢሜይል ቦታዎ ሞልቷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚህ ይጫኑ» የሚል መጣለት። ተጫነ! ሦስት መልእክት ብቻ ያለው ሰው ምኑ ሞልቶበት? ተማሪ «ቲቸር፣ አሞኛል» ሲል የሐኪም ወረቀት የሚጠይቅ ሰው፣ የማያውቀው አድራሻ ፓስወርድ ሲጠይቀው ወዲያው ሰጠ። የላኪውን ስም ሳይሆን አድራሻውን እስከ መጨረሻው አንብብ። በኢሜይል ፓስወርድ የሚጠይቅ ጤነኛ መሥሪያ ቤት የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

አሁን ትልቁ ላይ ደረስን፤ ቀረብ በሉ። ይህ ሰው የፋይናል ፈተናውን በፍላሽ ይዞ ፕሪንት ቤት ይሄዳል። ልጁ ፍላሹን ይሰካና ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ ያደርጋል። ያትማል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ «በል ቻው ቲቸር» ይላል። ወዳጃችን ወረቀቱን ታቅፎ ወጣ፤ ፈተናው ግን ዴስክቶፑ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤት አሳይመንት ሊያሳትም የሚመጣው ማነው? የራሱ ተማሪ! ፈተና አዳራሽ ውስጥ «ኮፒ እንዳታደርጉ!» ብሎ ያገሳል፤ ዋናውን ኮፒ እሱ ራሱ አድሎት መጥቶ። ይባስ ብሎ እዚያው ቴሌግራሙን ከፍቶ ሳይዘጋ ወጥቷል። ስልክህ ላይ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚህ ስልክ ሌላ ያለውን ሁሉ አስወጣ፤ አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊታችን!

«አንድ ፈተና ቢወጣ ምን ይመጣል?» አለ። ግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው ተሰረዘ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ ያጠናውን ይዞ ቤቱ ተመለሰ፤ እንደገና ተቀመጠ። የወጣ ወረቀት ይሄን ያመጣል። ፈተናህን ትምህርት ቤቱ ማባዣ ክፍል አሳትም። ግድ ውጭ ከሆነብህ ፒዲኤፉን በፓስወርድ ቆልፍ፣ ከፍላሹ ላይ ሳይገለበጥ ይታተም፣ ስትወጣ ዴስክቶፑንና ሪሳይክል ቢኑን ዓይንህ እያየ አስጠርግ። ልጁ ቢያኮርፍ ያኩርፍ!

ፋይሎቹን ስም ሲያወጣላቸው ደግሞ አይታችኋል? «ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲሱ»፣ «ፋይናል የእውነት»፣ «የመጨረሻው ፋይናል ይሄ ነው»። የትኛው ነው ሲባል አራቱንም ያትማል! «ባዮሎጂ 9ኛ 2017 ሴሚስተር 1» በለው፤ ሲፈለግ ይገኛል። ሁሉም ደግሞ አንድ ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሹ ከቁልፉ ጋር፣ ቁልፉ ታክሲ ውስጥ። ባክአፕ ያልያዘ ሰው «ባክህ» ማለት ያበዛል። ባክህ ሾፌር፣ ባክህ ረዳት፣ ባክህ ርዕሰ መምህር! ማርክህ ጠፍቶ «ማረኝ» ብትል ተማሪው ምን አደረገህ? አንዱን ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጥ። ጎግል ለአንድ ሰው 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ጡረታ እስክትወጣ የምታዘጋጀው ማርክ ሊስት አይሞላውም።

ሁሉም መንገድ ሲዘጋበት የመጨረሻውን አወጣ፤ «ዕድሜዬ አልፏል»። ዕድሜህ ለፌስቡክ አላለፈም! ለዩቲዩብ አላለፈም፤ የፕሪሚየር ሊግ ጎል ከዳኛው ፊሽካ ቀድመህ ነው የምታየው። የሰርግ ቪዲዮ ቆርጠህ ለዘመድ ታከፋፍላለህ፣ ፎቶህን እስከ ጉርምስና ድረስ ፊልተር ታደርገዋለህ። እዚያ ሁሉ ጎልማሳ፣ ኤክሴል ጋ ስትደርስ ሽማግሌ! የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ያንተ ተማሪ ማውስ ይዞ ሊፈተን ይገባል፤ አስተማሪው ማውስ ይፈራል። ጥያቄው ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ልጁ በ18 ዓመቱ የአንተን ድርሻ ፍርሃት ለምን ይወርሳል?

ሰው ሁሉ ሲስቅበት እሺ አለ። ተነሣ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። «ደርቋል፣ አልንቀሳቀስም አለ» ብሎ ዞር አለ። «ትናንትም ዘግቼው ነበር የከፈትኩት፤ ያው ነው።» ዘግተህ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ዊንዶውስ ሹት ዳውን ስትለው ቶሎ ለመነሣት ብሎ ግማሹን ሥራ አስታውሶ ነው የሚተኛው። ሪስታርት በለው፤ ያን ጊዜ ነው ሁሉን ረስቶ ከባዶ የሚነሣው። አዎ፣ እሱን፣ ሪስታርት የሚለውን! ጎበዝ። አሁን እስኪነሣ ሻይህን ጨርስ። ኧረ ሻዩን ከኪቦርዱ ላይ አንሣው!